ጎድዚላ ከየት መጣ? የጭራቁ ውልደት በተከታዩ ፊልም ዋዜማ ለምን ያከራክራል?

በአውሮፓውያኑ 2023 ለዕይታ የበቃው "ጎድዚላ ማይነስ ዋን" የተሰኘው የጃፓን ፊልም በድል የተቋጨ ይመስላል። ጭንቅላቱ የፈራረሰው ግዙፍ ጭራቅ ወደ ባሕር ይሰጥማል፤ ሊያጠፉት የወጡት ሰዎችም በሕይወት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

የመዝጊያ ትዕይንቶቹ ግን ድሉን ጥርጣሬ ላይ ይጥሉታል። ከጭራቁ አካል የተረፈ ቁራጭ ሥጋ ወደ ጥልቁ እየወረደ ራሱን ዳግም መገንባት ሲጀምር ይታያል። ከአደጋው በተአምር የተረፈችው ኖሪኮ የተባለችው ገጸ ባሕርይም አንገቷ ላይ ጥቁር ምልክት ይዛ ሆስፒታል ትገኛለች።

ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የታዩት እነዚህ ሁለት ምስሎች ለፊልሙ አድናቂዎች የማያልቅ መወያያ ሆነዋል። ቶሆ የተባለው የጃፓን የፊልም ኩባንያ ተከታዩን "ጎድዚላ ማይነስ ዚሮ" በጃፓን ጥቅምት 24/2019 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 3 ቀን 2026) ለማሳየት ቀን ቆርጧል። ዳይሬክተሩ አሁንም ታካሺ ያማዛኪ ነው። ዕለቱ የመጀመሪያው የጎድዚላ ፊልም በ1954 ለሕዝብ የቀረበበት ቀን መሆኑን ተከታታዮቹ ልብ ብለውታል።

ቀኑ ሲቃረብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው ጥያቄ ጭራቁ እንዴት ይሞታል የሚለው አይደለም። ከየት መጣ? የሚለው ነው።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁንና ጎድዚላን የፈጠረው ምን እንደሆነ መናገር፣ በደረሰው ጥፋት ተጠያቂው ማን እንደሆነ መናገርም ነው። ባለፉት ሰባት ዐሥርት ዓመታት ፊልም ሠሪዎች ለጭራቁ አዲስ መነሻ ሲሰጡት ተጠያቂውም አብሮ ሲቀያየር ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ሌሎች ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓሣ አጥማጆቹ እና ቦምቡ

ማርች 1 ቀን 1954 ዩናይትድ ስቴትስ በማርሻል ደሴቶች ቢኪኒ በተባለው ስፍራ "ካስል ብራቮ" የሚል ስያሜ የሰጠችውን የሃይድሮጂን ቦምብ አፈነዳች። ሳይንቲስቶቹ የጠበቁት ኃይል ስድስት ሜጋ ቶን ገደማ ነበር። ፍንዳታው 15 ሜጋ ቶን ደረሰ፤ ይህም ሂሮሺማን ካወደመው ቦምብ በሺህ እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ኃይል ነው።

23 ሠራተኞችን የያዘች "ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ" የተሰኘች የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ አደገኛ ተብሎ ከተከለለው ክልል ውጪ ነበረች። ያም ሆኖ ነጭ አመድ ዘነበባት። ሠራተኞቹ በጨረር ታመው ወደ ወደባቸው ተመለሱ፤ ያጠመዱት ቱናም ተበክሎ ተገኘ። የጀልባዋ የሬዲዮ ባለሙያ አይኪቺ ኩቦያማ በሴፕቴምበር 23 ሕይወቱ አለፈ። ጨረሩ የወረደባቸው የሮንጌላፕ ደሴት ነዋሪዎችም ከቀያቸው ተነሡ።

ዳይሬክተር ኢሺሮ ሆንዳ የሠራው የመጀመሪያው "ጎድዚላ" የታየው ኩቦያማ በሞተ በስድስተኛው ሳምንት ነበር። ፊልሙ የሚጀምረው በባሕር ላይ ድንገት በሚፈነጥቅ ብርሃንና በምትሰጥም ጀልባ ነው። ያን ጊዜ ሲኒማ ቤት የገባ ጃፓናዊ ምስሉ ምንን እንደሚያስታውስ ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገውም።

በታሪኩ ጎድዚላ ከጥንት ዘመን የተረፈ ፍጡር ነው። ከመኖሪያው ያፈናቀለውና በጨረር የሞላው የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራ ነው። የጭራቁ ሻካራ ቆዳም ከአቶም ቦምብ የተረፉ ሰዎች ገላ ላይ የቀረውን ጠባሳ እንደሚያስታውስ ብዙ ተንታኞች ጽፈዋል። ጃፓን በአሜሪካ ጦር አስተዳደር ሥር በቆየችባቸው ዓመታት፣ እስከ 1952 ድረስ፣ ስለ አቶም ቦምቡ ጉዳት በነፃነት መጻፍና መናገር አይቻልም ነበር። በግልጽ ለመናገር ያልተቻለውን ነገር ጭራቁ ተሸክሞት ወጣ ማለት ይቻላል።

አንድ ጭራቅ፣ ብዙ ውልደት

ይህ መነሻ ግን ባሕር ሲሻገር መልኩን ቀየረ። ፊልሙ በ1956 ሬይመንድ በር የተባለው ተዋናይ ታክሎበት ለአሜሪካ ተመልካች ሲዘጋጅ፣ ስለ ናጋሳኪና ስለ ተበከለው ቱና የሚያወሩ ንግግሮች ተቆርጠው ወጡ። ጭራቁ ቀረ፤ ክሱ ግን ደበዘዘ።

በ1998 በሆሊዉድ የተሠራው "ጎድዚላ" ደግሞ የጭራቁን መወለድ ፈረንሳይ በፖሊኔዥያ ካደረገችው የኒውክሌር ሙከራ ጋር አያያዘው። ፈረንሳይ በ1995 እና በ1996 በዚያው አካባቢ ያደረገቻቸው ሙከራዎች ዓለም አቀፍ ተቃውሞ ቀስቅሰው ስለነበር ተመልካቹ ጉዳዩን ያውቀዋል። የማርሻል ደሴቶቹ ሙከራዎች ግን በዚህ የውልደት ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኙም።

የ2014ቱ የሆሊዉድ ፊልም ከዚህም ርቆ ሄደ። በዚህ ታሪክ ጎድዚላ ከሰው ልጅ በፊት የነበረ ጥንታዊ ፍጡር ነው። በ1950ዎቹ በፓሲፊክ የፈነዳው ቦምብም እርሱን ለመግደል የተደረገ ጥረት እንጂ የፈጠረው ምክንያት አይደለም። በእውነተኛው ዓለም ዩናይትድ ስቴትስ ከ1946 እስከ 1958 በማርሻል ደሴቶች 67 የኒውክሌር ሙከራዎችን አድርጋለች። በፊልሙ ዓለም ግን ሙከራው የመከላከል እርምጃ ሆኖ ተተረጎመ።

ጃፓናውያኑ ፊልም ሠሪዎችም መነሻውን ደጋግመው ቀይረውታል። በ1991 "ጎድዚላ ከኪንግ ጊዶራ" በተሰኘው ፊልም ጭራቁ በ1944 በአንዲት የፓሲፊክ ደሴት ላይ የሚኖር ዳይኖሰር ነበር። ከመጪው ዘመን የመጡ ሰዎች ለጨረር ሳይጋለጥ ከቦታው ያርቁታል፤ ሆኖም በሌላ የኒውክሌር አደጋ ጎድዚላ ከመሆን አያመልጥም።

በ2001 ዳይሬክተር ሹሱኬ ካኔኮ ጣቱን ወደ ራሱ አገር ቀሰረ። በእርሱ ፊልም በጎድዚላ ውስጥ ያደሩት በፓሲፊክ ጦርነት የሞቱ ሰዎች ነፍሳት ናቸው፤ የተቆጡትም ጃፓን ስለረሳቻቸው ነው። በ2016 የወጣው "ሺን ጎድዚላ" ደግሞ ባሕር ውስጥ ከተጣለ የራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ጋር የተያያዘ ፍጡር አሳየ። ከአምስት ዓመት በፊት የደረሰውን የፉኩሺማ አደጋ ያልረሳው ተመልካች መልእክቱን ለመረዳት አልተቸገረም።

"ማይነስ ዋን" ምን ለወጠ?

ያማዛኪ በ2023ቱ ፊልሙ ለጭራቁ ሁለት ደረጃ ያለው መነሻ ሰጠው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ኦዶ በተባለች ምናባዊ ደሴት ላይ ነው። ኮይቺ ሺኪሺማ የተባለ አጥፍቶ ጠፊ አብራሪ አውሮፕላኑ እንደተበላሸ አስመስሎ በደሴቲቱ ያርፋል። በዚያ ሌሊት የደሴቲቱ ሰዎች በጥንት አፈ ታሪካቸው "ጎድዚላ" የሚሉት ፍጡር ከባሕር ወጥቶ በሰፈሩ የነበሩትን ወታደሮች ይፈጃል።

በዚህ ጊዜ ፍጡሩ ከዳይኖሰር ብዙም አይበልጥም። ከተማ የሚያወድም ግዙፍ ጭራቅ የሚሆነው በጁላይ 1946 ዩናይትድ ስቴትስ በቢኪኒ ባደረገችው "ኦፕሬሽን ክሮስሮድስ" ከተቃጠለ በኋላ ነው። ይህ ሙከራ በእርግጥም የተፈጸመ ነው። 167 የቢኪኒ ነዋሪዎች አስቀድመው ከደሴታቸው እንዲወጡ ተደርገዋል።

ስለዚህ በዚህ ፊልም ቦምቡ ጭራቁን አሳደገው እንጂ ከምንም አልፈጠረውም። ከቦምቡ በፊትም ይገድል ነበር። ይህ የአተራረክ ለውጥ ጥፋቱን ከአንድ መሣሪያ ወደ ጦርነቱ ራሱ ያሰፋዋል። ወጣቶቹን እንዲሞቱ የላከው የጃፓን መንግሥትም ከወቀሳ አያመልጥም። በሌላ በኩል አንዳንድ ተቺዎች ፊልሙ የጃፓናውያንን ሥቃይ በጥልቀት ሲያሳይ፣ የጃፓን ጦር በሌሎች የእስያ አገራት ላይ ያደረሰውን በዝምታ አልፎታል ሲሉ ተችተውታል።

ፊልሙ በማርች 2024 በቪዥዋል ኢፌክት ዘርፍ የኦስካር ሽልማትን አሸንፏል። ለጎድዚላ ፊልሞች ይህ የመጀመሪያው ነው።

የአድናቂዎቹ ሦስት መላ ምቶች

የመጀመሪያው መላ ምት ከኖሪኮ አንገት የተነሣ ነው። ምልክቱ የጎድዚላ ሕዋስ ወደ ሰውነቷ መግባቱን ያሳያል የሚሉ አድናቂዎች፣ በዚያ ከባድ ፍንዳታ መትረፏን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። ራሱን የሚጠግነው ሕዋስ አድኗታል ማለታቸው ነው። እንዲህ ከሆነ የሚቀጥለው ጭራቅ መነሻ ባሕር ሳይሆን የሰው ገላ ሊሆን ይችላል። መላ ምቱ ከእውነተኛው ታሪክ ጋር የሚገናኝበት መስመርም አለ፤ ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ከዓመታት በኋላ በጨረር ሳቢያ በሚመጣ ካንሰር ይያዙ ነበር። መትረፍ ማለት ከአደጋው ነፃ መሆን ማለት አልነበረም።

ሁለተኛው መላ ምት በባሕሩ ወለል ላይ ያለውን ሥጋ ይመለከታል። ከቁራጩ የሚያድገው ያው ጎድዚላ ነው ወይስ ሌላ ፍጡር? አካሉ ብዙ ቦታ ከተበታተነ አንድ ሳይሆን ብዙ ጭራቆች ሊነሡ አይችሉም ወይ የሚሉም አሉ። የ1954ቱ ፊልም የኒውክሌር ሙከራ እስካልቆመ ድረስ ሌላ ጎድዚላ ሊመጣ እንደሚችል በማስጠንቀቅ መጠናቀቁ ለዚህ ወገን ድጋፍ ይሆናል።

ሦስተኛው መላ ምት የሚነሣው ከርዕሱ ነው። "ማይነስ ዋን" በጦርነት ሁሉን ያጣችና ዜሮ ላይ የነበረች አገር ከዜሮ በታች መውረዷን የሚገልጽ ነበር። "ማይነስ ዚሮ" ሲባል ግን አንዳንዶች ወደ መጀመሪያው ነጥብ መመለስን፣ ማለትም ከ1945 በፊት በኦዶ ደሴት የነበረውን ፍጡር ታሪክ ይጠብቃሉ።

ከሦስቱ ጠንካራ መሠረት ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ፊልሙ ራሱ ያሳያቸውን ምስሎች ይዘው ይነሣሉና። ሦስተኛው ግን የርዕስ ትርጓሜ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የራሱ አደጋ አለው። ጭራቁ ከጥንትም ጭራቅ ነበር ከተባለ የሰው እጅ ከታሪኩ ይወጣል፤ የ2014ቱ የሆሊዉድ ፊልም የሄደበትም መንገድ ይኸው ነበር።

መላ ምት ፊልም ሲሆን

የአድናቂ ሐሳብ በጎድዚላ ታሪክ ውስጥ ከንቱ ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። ቶሆ በ1980ዎቹ ለአዲስ ፊልም የሚሆን ታሪክ ከሕዝብ በውድድር ሲጠይቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጽሑፋቸውን ልከው ነበር። የተመረጠው የሺኒቺሮ ኮባያሺ ሐሳብ ሆነ፤ ሙያው ደግሞ የጥርስ ሕክምና ነበር።

ከዚያ ሐሳብ በ1989 "ጎድዚላ ከቢዮላንቴ" የተሰኘው ፊልም ተሠራ። የጎድዚላ ሕዋስ ከጽጌረዳና ከአንዲት የሞተች ወጣት ሕዋስ ጋር ተዳቅሎ አዲስ ጭራቅ ይወለዳል። ዛሬ በኖሪኮ አንገት ላይ ያለውን ምልክት "የጎድዚላ ሕዋስ ነው" የሚሉት አድናቂዎች በዚህ ፊልም የዳበረውን ሐሳብ ነው የሚያነሡት።

አዲሱ ፊልም ሲታይ ከመላ ምቶቹ አንዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ውድቅ ሊሆኑም ይችላሉ። ተመልካቹ ሊጠይቅ የሚገባው ግን ፍጡሩ ከምን ሕዋስ እንደተሠራ ብቻ አይደለም። ቦምቡን የጣሉትን፣ ወጣቶችን ለሞት የላኩትን፣ ከደሴታቸው የተፈናቀሉትንና የተረፉትን ፊልሙ በታሪኩ ውስጥ የት እንዳስቀመጣቸው ማየትም ያስፈልጋል።

የቢኪኒ ነዋሪዎች ለጊዜው ነው ተብለው ደሴታቸውን ከለቀቁ 80 ዓመት ሞልቷቸዋል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እስካሁን ተመልሰው በቀያቸው መስፈር አልቻሉም።