የንግድ ቤትን የሥራ አካሄድ በሥዕል ስለ መግለጽና በኮምፒዩተር ስለ መምራት

ማንኛውም የንግድ ቤት፣ ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ ዘወትር የሚደጋገም የሥራ አካሄድ አለው። ዕቃ ከውጭ አገር ይታዘዛል፤ ባንክ ይጠየቃል፤ መድን ይገባል፤ ሰነድ ይጠበቃል፤ ቀረጥ ይከፈላል፤ ዕቃው ወደ መጋዘን ይገባል። ይሁን እንጂ ይህ አካሄድ በብዙ ቤቶች ዘንድ በጽሑፍ የሰፈረ ሳይሆን፣ በባለቤቱ ወይም በአንድ የቆየ ጸሐፊ አእምሮ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነው። ያ ሰው የታመመ ወይም ሥራውን የለቀቀ እንደ ሆነ፣ የትኛው ወረቀት በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል፤ ዕቃውም በወደብ ቆሞ የማከማቻ ኪራይ ይቆጠርበታል። ይህን ጉዳት ለመከላከል ያገለግሉ ዘንድ የተሠሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ስላሉ፣ ምንነታቸውንና ጥቅማቸውን በአጭሩ መግለጽ ተገቢ ነው።

ሥራን በሥዕል የመግለጽ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፍራንክ ጊልብሬትና ባለቤቱ ሊሊያን እ.ኤ.አ. በ1921 የሥራን ደረጃዎች በምልክት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቅርበው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሥዕሉ ስልት ስለ በዛ፣ አንዱ የሣለውን ሌላው ለማንበብ ይቸገር ጀመር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2004 ቢፒኤምኤን የተባለው የጋራ ምልክት ሥርዓት ወጣ፤ ሁለተኛው ዕትሙ በ2011 ታተመ፤ በ2013ም በ19510 ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ።

ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ጥቂት ናቸው። ክብ የአንድን ሥራ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ያመለክታል፤ መጀመሪያው በቀጭን፣ መጨረሻው በወፍራም መሥመር ይሣላል። ማዕዘኑ የለዘበ አራት ማዕዘን የሚሠራውን ተግባር ያሳያል። በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን የመንገድ መለያያ ነው፤ በውስጡ የኤክስ ምልክት ካለበት ከመንገዶቹ አንዱ ብቻ ይመረጣል፤ የመደመር ምልክት ካለበት ግን ሁሉም መንገዶች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ። ቀስት ቅደም ተከተሉን ይመራል። ገጹም እንደ እርሻ ትልም በረድፍ ተከፍሎ፣ አንዱ ረድፍ የባለቤቱ፣ አንዱ የጸሐፊው፣ አንዱ የሒሳብ ሹሙ ይሆናል። ባንክና ትራንዚተር ከቤቱ ውጭ ስለ ሆኑ የየራሳቸው ክፍል ይሰጣቸዋል፤ ከእነርሱ ጋር የሚደረገው መጻጻፍም በተቆራረጠ መሥመር ይታያል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ አስመጪ በሌተር ኦፍ ክሬዲት ያዘዘውን ዕቃ የሚያስወጣበትን አካሄድ እንመልከት። ጸሐፊው ቢል ኦፍ ሌዲንግ ከባንክ እስኪደርሰው ድረስ ምንም ሳይሠራ ይጠብቃል እንበል። ሰነዱ ሲደርስ ፋክቱሩንና ፓኪንግ ሊስቱን ያሰባስባል፤ ከዚያ ትራንዚተሩን ይጠራል፤ የቀረጡ ልክ ሲታወቅም ገንዘብ እንዲወጣ ባለቤቱን ያስፈርማል፤ ባለቤቱ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ እንደ ሆነ ደግሞ እስኪመለስ ይቆያል። ከ11 ቀን ውስጥ እጅ የነካው ሥራ 6 ሰዓት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የቀረው ሁሉ መጠባበቅ ነው። ይህ አካሄድ በተሣለ ጊዜ ግን፣ ዋናው ሰነድ ሳይደርስ በቅጂው ዲክላራሲዮኑን ማሰናዳትና የቀረጡን ገንዘብ ማዘጋጀት ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ በግልጽ ይታያል። ለባለቤቱም ፊርማ ተተኪ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። ከዚህ በፊት በጸሐፊው ስንፍና ሲመካኝ የነበረው መዘግየት የአካሄዱ ጉድለት መሆኑም ይገለጣል።

ፕሮግራሞቹ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ለመሣል ብቻ ያገለግላሉ፤ ቢፒኤምኤን ዶት አይኦ የተባለው ለዚህ ያለ ክፍያ ይገኛል። ሁለተኛዎቹ እንደ ካሙንዳ ያሉት፣ ሥዕሉን ተከትለው ሥራውን ራሳቸው ይመራሉ፤ ይኸውም ተግባሩ የደረሰበትን ሠራተኛ ያስታውሳሉ፣ የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍም ለአለቃው ያስታውቃሉ። ሦስተኛዎቹ፣ እንደ ሙኒኩ ሴሎኒስ ያሉት፣ በኮምፒዩተር የተመዘገበውን አይተው ሥራው በእውነት በየት በኩል እንዳለፈ ያሳያሉ። ለዚህም ሦስት ነገሮች ብቻ ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም የጉዳዩ ቁጥር፣ የተሠራው ሥራና የተሠራበት ቀንና ሰዓት ናቸው። ፕሮግራም ለመግዛት ገና ያላሰበ ባለሱቅ እንኳ እነዚህን በደብተር መመዝገብ ቢጀምር፣ ዕቃው የት እንደሚዘገይ በአጭር ጊዜ ያውቃል።

በአገራችን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓ.ም. መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የተባለው ጥረት ስለ ተካሄደ፣ ሐሳቡ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። የአንድ መስኮት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎትም በ2012 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አስመጪና ላኪ ፈቃድ የሚጠይቁበት መንገድ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። ነገር ግን የውጭው በር ቢከፈት፣ በነጋዴው ጠረጴዛ ላይ የተኛው ወረቀት በራሱ አይነሣም።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚገባው፣ የተበላሸን አካሄድ ሳያርሙ ወደ ኮምፒዩተር ከማስገባት ነው፤ ስሕተቱ በፍጥነት ይደጋገማልና። ደግሞም ሥዕሉን ባለቤቱ ብቻውን ቢሥል ሊሆን የሚገባውን እንጂ የሚሆነውን አይጽፍም። ስለዚህ ወረቀቱን በእጃቸው የሚያዞሩትን ጸሐፊ፣ ተላላኪና የመጋዘን ጠባቂ አስቀምጦ መጠየቅ ያስፈልጋል። እነርሱም እውነቱን ይናገሩ ዘንድ፣ ጥያቄው ለወቀሳ እንዳልሆነ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ለመጀመር የፈለገ ነጋዴ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣበት አንዱን ጉዳይ ብቻ ይምረጥ፤ በእርሳስ በአንድ ወረቀት ላይ ይሣለው፤ በየቀስቱ አጠገብ የሚፈጀውን ቀን ይጻፍ። ቀኑ የበዛበት ቀስት የት እንዳለ ካወቀ በኋላ፣ ፕሮግራም ያስፈልገው እንደ ሆነና የትኛው ዓይነት እንደሚስማማው ራሱ ሊፈርድ ይችላል።