አንድ ሌንስ፣ አንድ ኮረብታ

ጎህ ሲቀድ ፉሪ ተራራ ላይ የደረሰ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አያጣም። በምሥራቅ የረር፣ በሰሜን እንጦጦ፣ በሰሜን ምዕራብ ወጨጫ ይታያሉ። አየሩ ጥርት ካለ ደግሞ በደቡብ በኩል ዝቋላ ሜዳው ላይ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከግርጌ የሰበታና የለቡ ቆርቆሮ ጣራዎች ያብረቀርቃሉ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፤ በመካከሉም ገና ቤት ያልበላው የጤፍ ማሳ አለ።

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ከወዳጄ የተዋስኳትን ትንሽ ካሜራ ይዤ ይህን ተራራ ወጣሁ። ካሜራዋ ግማሽ ኪሎ ያህል ትመዝናለች። ሌንሷ አይነቀልም፤ ዙም የላትም። በልቤ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነበር፤ እንዲህ ያለች ካሜራ ሰፊ አገርን ለማንሳት ትበቃለች? መልሱን አገኘሁት፤ ያገኘሁት ግን ተራራው ላይ ሳይሆን ቤቴ ገብቼ ፎቶውን ሳጎላው ነው። ይህ ምዕራፍ እስከዚያ ድረስ ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ምን ዓይነት ካሜራ ነው?

አብዛኞቻችን ካሜራ ሲባል ሁለት ነገር ይታየናል፤ በኪሳችን ያለው ስልክ ወይም የሠርግ ፎቶ አንሺዎች የሚሸከሙት ባለ ብዙ ሌንሱ ትልቅ ካሜራ። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዝርያ አለ፤ ሴንሰሩ እንደ ትልቁ ካሜራ ሰፊ፣ አካሉ ትንሽ፣ ሌንሱ ደግሞ አንድ ብቻ የሆነ። ሴንሰር ማለት ድሮ ፊልም በነበረበት ቦታ ተቀምጦ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የወጣው ላይካ ኪው ሦስት 60 ሜጋፒክስል፣ በ2025 የወጣው ሦስተኛው ሶኒ አርኤክስ1አር 61 ሜጋፒክስል፣ በ2024 የወጣው ፉጂፊልም ኤክስ 100 ሲክስ ደግሞ 40 ሜጋፒክስል አላቸው። እኔ የያዝኩት የመጨረሻውን ነው።

ሌንሱ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ መሠራቱ ጥቅም አለው። መሐንዲሶቹ ሌንሱን ለዚያ አንድ ሴንሰር ብቻ ብለው ያበጁታል፤ መጠኑ ያንሳል፤ ሌንስ ሲቀየር የሚገባው አቧራም ሴንሰሩን አያገኘውም። በበጋ በሰበታ መንገድ የተጓዘ ሰው ይህ የመጨረሻው ጥቅም ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

አርባ ሚሊዮን ነጥብ ምን ያሳያል?

አንድ ሜጋፒክስል አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው። ይህ ካሜራ በአግድም 7728፣ በቁመት 5152 ነጥቦች ይመዘግባል። ጥራቱ ሳይጓደል ቢታተም 65 በ43 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መጠን ነው።

ፉሪ ላይ ቆመን እናስላው። ከእኛ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ማሳ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሸፍናለች። ስለዚህ 2 ሜትር ርዝመት ያላት ላም ጎኗን ሰጥታ ከቆመች 15 ነጥብ ይደርሳታል፤ ላም መሆኗ ይታወቃል፤ ጭራዋ ግን አይለይም። ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ዝቋላ ላይ አንዷ ነጥብ ከ5 ሜትር በላይ ትሆናለች። ተራራው መልኩን ይዞ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለ አንድ ቤት ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ነጥብ አያልፍም።

ከዚህ ስሌት አንድ ቁም ነገር እንያዝ። የብዙ ሜጋፒክስል ጸጋ ጎልቶ የሚታየው በሩቁ ተራራ ላይ ሳይሆን ከ100 ሜትር እስከ 2 ኪሎ ሜትር ባለው መካከለኛ ርቀት ላይ ነው። የሰው ሕይወት ያለውም እዚያው ነው፤ ማሳው፣ አውድማው፣ የባሕር ዛፉ ረድፍ፣ ግንባታው።

እግር ዙም ሲሆን

የዚህ ሌንስ እይታ በአግድም 54 ዲግሪ ያህል ነው። ፉሪ ላይ ሆነው የረርንና ዝቋላን በአንድ ፎቶ አስገባለሁ ቢሉ ይጨንቅዎታል፤ መምረጥ ይኖርብዎታል። መጀመሪያ ይህ እንደ ጉድለት ታየኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን አረማመዴ ራሱ ተለወጠ። ዙም ያለው ሰው ባለበት ቆሞ ሌንሱን ያዞራል፤ ዙም የሌለው ሰው ይሄዳል። ወደ ፊት ሃያ እርምጃ ስሄድ ከፊቴ የነበረው ቁጥቋጦ ከእይታው ወጣ፤ ወደ ግራ ስወርድ ሐዲዱ ማሳውን አቋርጦ ወደ ወጨጫ የሚያመራ መስሎ ታየ። ይህን ዝምድና የሰጠኝ የቆምኩበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ካሜራውን ከቦርሳ ከማውጣትዎ በፊት ለሩብ ሰዓት ባዶ እጅዎን ይዙሩ። ሰው ካገኙም ሰላምታ ይቅደም። በዚህ አካባቢ «አካም ቡልተን» ብሎ የጀመረ እንግዳ ምን ሊያነሳ እንደመጣ ለማስረዳት አይቸገርም። የአንቴና ማማና ጥበቃ ያለበትን ቦታ ግን ሳያስፈቅዱ አያንሱ።

ዝርዝሩን የሚበሉ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የምትሸፍነው ትንሽ ቦታ በመሆኑ በስልክ የማይታይ እንቅስቃሴ እዚህ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ካሜራው ውስጥ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ መሣሪያ ቢኖርም በእጅ ሲያነሱ ፍጥነቱን ከ1/125 ሰከንድ አያውርዱ። ጎህ ላይ ብርሃን ሲያንስ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይጠቀሙ፤ ከሌለዎት ነጠላዎን ወይም ጃኬትዎን አጥፈው ድንጋይ ላይ ያንጥፉና ካሜራውን ያስቀምጡበት። ከዚያም ከ2 ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲያነሳ ያዙት።

ሁለተኛው የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ፣ ማለትም አፐርቸሩ ነው። «ቀዳዳው ሲጠብ ሁሉም ነገር ይጠራል» የሚለው የድሮ ምክር እውነትነቱ ግማሽ ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ውኃ በጠባብ በር እንደሚወጣ ይበተናል። ቀዳዳው በጣም በሚጠብበት በኤፍ 16 ላይ አንዲት የብርሃን ጠብታ ሰባት ነጥብ ያህል ስፋት ይዛ ትዘረጋለች፤ ከ40 ሚሊዮኑ ነጥብ ብዙው ባከነ ማለት ነው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ደርዘን ፎቶዎች በኤፍ 16 አንስቼ ሁሉም ልስልስ ብለው ወጡብኝ። ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ባለው ይቆዩ። በኤፍ 8 ፎከሱን 10 ሜትር ገደማ ላይ ቢያደርጉ ከ5 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል።

ሦስተኛውና ብርቱው አየር ነው። የትኛውም ካሜራ ጭስና አቧራን አልፎ አያይም። ክረምቱ አቧራውን አጥቦ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝቋላ ቅርብ ይመስላል፤ ከጥር እስከ መጋቢት ግን ስንት ቀን ተወጥቶ ጥላው ብቻ ይታያል። በቀን ውስጥም ሰዓት ይመረጣል። ማለዳ ላይ የማገዶ ጭስ ከቀዝቃዛው አየር ሥር ተኝቶ ዝቅ ያለውን ሥፍራ ይሸፍነዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የጋለው መሬት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ የተመቸኝ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው። ጭሱ መነሳት ይጀምራል፤ ከየረር በኩል የምትወጣው ፀሐይም ወጨጫን ፊት ለፊት ታበራዋለች።

ያላየሁት ነገር

ማታ ቤቴ ገብቼ ከፎቶዎቹ አንዱን በኮምፒውተር ከፈትኩት። ተራራው ላይ ሳለሁ ያየሁት አንድ ቢጫ ማሳና ከበላዩ ያለውን ሰማይ ነበር። አጎላሁት። ከማሳው ጥግ የጤፍ ክምር አለ፤ ከክምሩ አጠገብ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ። ይበልጥ አጎላሁት። ገና ባልታጨደው ጤፍ መካከል፣ እኩል እየተራራቁ የተተከሉ የእንጨት ችካሎች ተደርድረዋል። መሬቱ ለቤት ተሸንሽኗል። ያ አዝመራ የዚያ ማሳ የመጨረሻው አዝመራ ሊሆን ይችላል። ቦታው ላይ ቆሜ ችካሎቹን አላየኋቸውም፤ ካሜራዋ ግን አይታቸዋለች።

የጥያቄዬ መልስ ይህ ነው። ብዙ ሜጋፒክስል የሚጠቅመው ፎቶን ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ አንሺው ጠቃሚ መሆኑን ገና ያላወቀውን ነገር ያስቀምጣል። አንድ ብቻ የሆነ ሌንስ ደግሞ ነገ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ በዚያው ዓይን ለማየት ያስችላል።

ይህ በአገራችን አንድ ጊዜ በትልቁ ታይቷል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የመሐንዲስ ክፍል ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። ከባድ መሣሪያቸውን አስጭነው በየመንገዱ ተራራውንና ሸለቆውን አነሱ። ከ140 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያና የቤልጅግ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በሰሜን ኢትዮጵያ ከእነዚያ ፎቶዎች 13ቱን ይዘው የተነሱበትን ቦታ እየፈለጉ በድጋሚ አነሱ። ታሪክ አዋቂው ሪቻርድ ፓንክኸርስትም ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ነበሩ። ጥንዶቹ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ያኔ ገላጣ የነበረው ተራራ ብዙ ቦታ ላይ ዛሬ የተሻለ ዛፍና ቁጥቋጦ ለብሶ ተገኘ። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር» የሚለው የሁላችን ወግ በፎቶ ተመረመረ። እነዚያ ወታደሮች ስለ ዕፅዋት ጥናት አላሰቡም፤ በጥራት አንስተው ስላለፉ ግን ሌላ ትውልድ ለሌላ ጥያቄ መልስ አገኘበት።

ፉሪ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ነው። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም እንዲሁ። የእነዚህ አካባቢዎች መልክ የሚለወጠው በ140 ዓመት ሳይሆን በሁለትና በሦስት ክረምት ነው። ቤት የሚሠራው ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ የማሳው መልክም ሳይመዘገብ ማለፍ የለበትም።

ልምምድ

ከቤትዎ በእግር የሚደረስበት አንድ ከፍ ያለ ቦታ ይምረጡ። የማይነቃነቅ ምልክት ይያዙ፤ ትልቅ ድንጋይ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ይሁን። በኤፍ 8፣ ፎከሱን 10 ሜትር ላይ አድርገው አንድ ፎቶ ያንሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆሙበትን በደብተር ይጻፉ። ካሜራው ጥሬ (RAW) ፋይል እንዲያስቀምጥ ያድርጉ፤ ሳይታመቅ 80 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ሁለት ቦታ የሚገለበጥበት ማከማቻ ያዘጋጁ። በመስከረም አደይ ሲፈነዳ፣ በኅዳር ጤፉ ሲታጨድ፣ በመጋቢት መሬቱ ሲደርቅ ይመለሱ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ።

ያቺን ካሜራ ለወዳጄ መልሻለሁ። የቆምኩበትን ድንጋይ ግን በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ኅዳርም ካሜራዋን ከአሁኑ ጠይቄአለሁ።