ሆድ ሲጾም አንደበት ሲገድፍ

የሥጋ ጤና አንድ ቀን በተወሰደ መድኃኒት ብቻ አይጠበቅም፤ በየቀኑ መታጠብን፥ በልክ መብላትንና በጊዜ መተኛትን ይጠይቃል። የነፍስም ጤና እንደዚሁ ነው። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን፥ ተማሪዎችም ሆንን የመንግሥት ሠራተኞች፥ ነፍሳችንን የምናስባት በዓል ሲመጣ ወይም ፈተና ሲደርስ ነው።

55 ቀን በሚጾመው በዐቢይ ጾም ወራት አንድ ቀን፥ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ገደማ፥ እህል ሳልቀምስ አስተምር ነበር። አንድ ተማሪ ወደ ሰሌዳው ወጥቶ ቀላል ሒሳብ ተሳሳተ። እኔም ርኅራኄ በሌለው ቃል ዘለፍሁት፤ ክፍሉም በሙሉ ሳቀበት። ልጁ ጠመኔውን አስቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ ቃሌን መመለስ አልቻልሁም።

በዚያው ሰሞን ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ከሥጋ፥ ከወተት፥ ከቅቤና ከዕንቁላል መከልከሌን፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም መቆየቴን በኩራት ነገርኋቸው። የልጁን ጉዳይ ያነሣሁት በመጨረሻ፥ እንደ ቀላል ነገር አድርጌ ነው። እሳቸው ግን «ይቅርታ ጠየቅኸው?» አሉኝ። «አባቴ፥ ቀኖናዬ ስግደት ይሁንልኝ» ብላቸው፥ «ስግደቱ ይደርሳል፤ ልጄ፥ የሰደብኸው በሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን» ሲሉ መለሱልኝ።

በማግሥቱ በክፍሉ ፊት ቆሜ ይቅርታ መጠየቁ ከጾሙ ሁሉ ይልቅ ከበደኝ። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ለመመለስ እጁን ያወጣውም ከፋሲካ በኋላ ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የሚወቅሰው ይህንኑ፥ እየጾሙ መጣላትንና ሠራተኛን ማስጨነቅን ነው። እውነተኛው ጾም ለተራበ እንጀራ ማካፈልና የተገፋውን ነጻ ማውጣት መሆኑንም ያስተምራል።

ታዲያ በየቀኑ ምን እናድርግ? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ እነርሱም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሰባቱንም ማድረስ የማይችል ሰው በነግህና በንዋም ይጀምር። ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ይጸልይ፤ ማታም ሳይተኛ ቀኑን ይመርምር። ምርመራውም እንደየሥራችን ይሁን። ተማሪው «የጓደኛዬን መልስ ገልብጬ የራሴ አስመስያለሁን?» ብሎ ይጠይቅ። የቢሮ ሠራተኛውም «ዛሬ ልፈጽምለት የምችለውን ባለጉዳይ በስንፍናዬ ነገ ና ብዬዋለሁን?» ይበል። ከሩቅ ገጠር ለመጣ ገበሬ ያች ነገ ሌላ የማደሪያና የስንቅ ወጪ ናት።

በጾም የተረፈው የምሳ ገንዘብም ለተቸገረ ይሰጥ፤ በኪስ ከቀረ ቁጠባ እንጂ ጾም አይባልም።

አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት ያስቀየምኸውን የአንድ ሰው ስም አስብ፤ ነገም ወደዚያ ሰው ሂድ።