አምራች ማን ነው? ሸማችስ?

ልጆቻችሁ «አምራች» እና «ሸማች» ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቋችሁ፣ ምሳሌውን ከራሳችሁ ማዕድ ብትጀምሩ ቶሎ ይገባቸዋል። አንድን ነገር ሠርቶ ለሌላው የሚያቀርብ ሰው አምራች ይባላል፤ ገዝቶ የሚጠቀምበት ደግሞ ሸማች ነው። እስቲ እንጀራን እንውሰድ።

እዚህ ሲያትል ከመደብር በፌስታል የምንገዛው እንጀራ ጉዞው ከማሳ ይጀምራል። በጎረቤታችን በአይዳሆ ጤፍ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት አሜሪካዊው ዌይን ካርልሰን ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1980ዎቹ በዚያ ጤፍ ማብቀል ጀመሩ። ገበሬው ጤፉን ያመርታል። ወፍጮ ቤቱ ጤፉን ገዝቶ ዱቄት ያመርታል። ጋጋሪዋ ዱቄቱን ስትገዛ ሸማች ናት፤ በእርሾ አቡክታ፣ ቀናት አቆይታ፣ ምጣድ ላይ ጋግራ ስታወጣ ደግሞ አምራች ትሆናለች። ማታ ለልጆቿ ወተት ስትገዛ እንደገና ሸማች ናት። አንድ ሰው ሁለቱንም ነው ማለት ነው።

ታዲያ ልጁ «አባዬ ታክሲ ነው የሚነዳው፤ እሱ ምን ያመርታል?» ቢልስ? መልሱ «አገልግሎት» ነው። መንገደኛን ከአየር ማረፊያ ቤቱ የሚያደርስ አባት፣ በሽተኛ የምትንከባከብ እናት፣ መኪና የሚያቆም አጎት፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገውን ነገር ያቀርባሉ። በቋንቋችን መተዳደሪያንም «እንጀራ» የምንለው በከንቱ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ልጅ ግን በእጅ የማይዳሰስ ሥራ ሁሉ ሥራ ላይመስለው፣ በወላጁም ድካም ሊያፍር ይችላል።

ትምህርቱን በዓይን ለማሳየት ወደ ፓይክ ፕሌስ ገበያ ውሰዷቸው። በ1906 እና በ1907 መካከል በሲያትል የሽንኩርት ዋጋ በ10 እጥፍ ንሮ ነበር። ያለ ሽንኩርት ወጥ እንደማይሠራ ለሚያውቅ ቤተሰብ የሕዝቡን ምሬት ማስረዳት አያስፈልግም! ሸማቹ በዋጋው ሲማረር፣ ገበሬው ደግሞ ትርፉ በደላላ እጅ ይቀርበት ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ያለ አማላጅ እንዲገናኙ ነሐሴ 17 ቀን 1907 ገበያው ተከፈተ። ጥቂት ገበሬዎች በጋሪ ያመጡት አትክልት በሰዓታት ውስጥ ተሸጦ አለቀ። ዛሬም የገበያው መፈክር «አምራቹን ተዋወቁ» የሚል ነው።

ቤት ስትመለሱ ማዕዱ ሲቀርብ ልጆቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ይህ እንጀራ እዚህ እስኪደርስ ማን ማን ደከመበት?» ገበሬውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሹፌሩን፣ ጋጋሪዋን ይቁጠሩ። የገዛበትን ገንዘብ ሠርቶ ያመጣውን ሰውም እንዳይረሱ!