ከአዛዡ ጎን ያለው የፖለቲካ አማካሪ

በሰላም ማስከበር ተልዕኮ ከጦር አዛዥ ጎን የሚሠራ የፖለቲካ አማካሪ ጦር አይመራም፤ ትዕዛዝም አይሰጥም። ሥራው ትዕዛዝ ከመውጣቱ በፊት ባላንጣ የሆኑት ወገኖች እንዴት እንደሚተረጉሙት ለአዛዡ ማስረዳት ነው። ሰላም አስከባሪ ጸንቶ የሚቆየው ከመሣሪያው ይልቅ በተቀባይነቱ ነውና። ለምሳሌ በአርሲ ሲንቄ የተባለውን በትር የያዙ ሴቶች መሀል ሲገቡ ጠብ የሚበርደው ሁለቱም ወገኖች በትሩን ስለሚያከብሩ ነው።

ሰኔ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ሱዳንና የደቡብ ሱዳን ነጻ አውጪ ንቅናቄ ስለሚወዛገቡባት የአብዬ ግዛት አዲስ አበባ ላይ ተስማሙ። ሰኔ 20 ቀን የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1990 እስከ 4,200 ወታደሮች የሚይዝ ሰላም አስከባሪ ኃይል አቋቋመ፤ ጦሩንም ያዋጣችው በዋናነት ኢትዮጵያ ነበረች። በትልልቅ ተልዕኮዎች ፖለቲካውን አብዛኛውን ጊዜ የዋና ጸሐፊው ልዩ ተወካይ ይይዛል። በአብዬ ግን ሌተናል ጄኔራል ታደሰ ወረደ የጦሩ አዛዥም የተልዕኮው መሪም ነበሩ። እንዲህ ባለ አደረጃጀት የአማካሪ አስፈላጊነት ይጨምራል።

ሚሴሪያ የተባሉት የሱዳን አርብቶ አደሮች በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው በአብዬ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በ1996 ዓ.ም. የተፈረመው የአብዬ ፕሮቶኮል የግጦሽና የመተላለፊያ መብታቸውን አጽንቷል። ጦሩ መንገዱን ሲጠብቅላቸው በአብዬ የሚኖሩት ንጎክ ዲንካዎች መሬታቸው እንደተሰጠባቸው ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ ሲዘጋው ደግሞ ሚሴሪያዎች መብታቸው እንደተነጠቀ ያያሉ። ለአዛዡ የኬላና የቅኝት ጉዳይ የሚመስለው ለነዋሪው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ስለዚህ አማካሪው ከሁለቱም ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ ይነጋገራል፤ ውሳኔውም ለሁለቱ እኩል መነገሩን ይከታተላል።

ሚያዝያ 26 ቀን 2005 ዓ.ም. የንጎክ ዲንካ የበላይ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል ከሰላም አስከባሪው ጋር ሲጓዙ ተገደሉ፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደርም ሕይወቱን አጣ። ከዚያ በኋላ የሱዳንና የደቡብ ሱዳን መንግሥታት የጋራ ኮሚቴ ስብሰባ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በመንገድ ላይ የተፈጠረ አንድ ግጭት ድርድሩን ጭምር ሊያቆም እንደሚችል ታየ።

የአማካሪው ድንበርም ግልጽ መሆን አለበት። የስለላ መኮንን ከሆነ ሽማግሌዎቹ አያምኑትም፤ አዛዡ መስማት የሚፈልገውን ብቻ ከነገረውም መኖሩ ትርጉም የለውም። ውሳኔውም ተጠያቂነቱም የአዛዡ ነው። አማካሪው ግን ዕቅዱ ካለቀ በኋላ እንዲያጸድቀው ሳይሆን ገና ሲጀመር ሊጠራ ይገባል።