ጋቢውን ይተዉት፣ ላስቲኩን አይርሱ

በቡና አገር ደን ውስጥ ለቀናት በእግር ለመጓዝ ላሰበ ቤተሰብ፦ ምን ይያዝ? ምን ይቅር?

ነገ ሌሊት ሊነሱ ነው እንበል። ዕቃዎ ሁሉ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ የጀርባ ቦርሳዎ ግን ከወዲሁ ሞልቷል። በዚህ መሃል እናትዎ በሩ ላይ ቆመው፣ «ጋቢውስ? ሌሊት ይበርድሃል እኮ!» ይላሉ።

ጉዞዎ ወደ ስሜን ተራሮች ቢሆን ኖሮ እናትዎ እውነት አላቸው። እርስዎ የሚሄዱት ግን ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ በበቃና ወደ ቴፒ ነው። እዚያ መንገደኛን የሚፈትነው ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ጋቢ አንዴ ዝናብ ከመታው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ጉዞዎ እስኪያልቅም ላይደርቅ ይችላል። ስለዚህ ጓዝዎን ሲያዘጋጁ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንድ ጥያቄ ያንሱ፦ «ይህ ዕቃ ቢረጥብ ምን ይሆናል?»

አገሩን ቀድመው ይወቁት

ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር አካባቢ፣ ቴፒ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ ሲነሱ ከ900 ሜትር በላይ ይወርዳሉ ማለት ነው። አየሩ ይሞቃል፣ ይወብቃል፤ ላብዎም ቶሎ አይደርቅም።

ደኑ ግን ለድካምዎ ይክስዎታል። ቡና በዛፎች ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ የሚያገኙበት አገር ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። ይህን ሁሉ ያለመለመው ዝናቡ ነው፤ በዚህ አካባቢ የዝናብ ወራት ከብዙው የአገራችን ክፍል ይረዝማሉ። ለእግር ጉዞ የሚሻለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ያኔም ቢሆን ያለ ዝናብ ልብስ አይውጡ።

አንድ ደረቅ ልብስ

የጉዞው ዋና ሕግ ይህ ነው፦ ለመኝታ የሚሆን አንድ ሙሉ ልብስና አንድ ጥንድ ካልሲ፣ ምንም ቢመጣ የማይረጥብ። ቀን የለበሱት ቢበሰብስም ማታ ደረቅ ለብሰው ይተኛሉ፤ ጠዋት ደግሞ ያንኑ እርጥብ ልብስ መልሰው ይለብሳሉ። ይህ የመጨረሻው ነገር ይከብዳል። «ዛሬ ብቻ ደረቁን ልልበስ» ያለ ሰው ግን ማታ የሚለብሰው አያገኝም።

ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከገበያ ወፍራም ላስቲክ ይግዙና የቦርሳዎን ውስጥ ያልብሱት። ዝናብ በቦርሳው ስፌትና ዚፕ በኩል ስለሚገባ ከላይ የሚደረግ ሽፋን ብቻውን አያስተማምንም። ደረቁን ልብስ፣ ስልክዎን፣ መታወቂያዎንና ክብሪትዎን ደግሞ ለየብቻ በትናንሽ ላስቲክ አስረው ያስገቡ። ለቀን ልብስ ጂንስና ወፍራም ጥጥ ይቅሩ፤ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ቱታና እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ ይበቃል። ለሌሊት አንድ ቀላል ሹራብ ይጨምሩ።

እግር ካልተመቸው መንገድ የለም

ለጉዞው ብለው አዲስ ጫማ ገዝተው በዚያው ቀን አያጥልቁ። ቢያንስ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ይግዙትና የሞላ ቦርሳ ተሸክመው ይለማመዱበት። አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች እንጦጦ ጥሩ መፈተኛ ነው። የሚልጥዎትን ጫማ እዚያ ካወቁት ወደ ቤት መመለሻ ታክሲ አለ፤ በደን ውስጥ ግን የለም።

የአካባቢው ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ስለዚህ የጫማው ሶል ጥልቅ ጥርስ ያለው ይሁን። አንድ ዱላም ይያዙ፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበትዎን ያግዛል። እግርዎን የሆነ ቦታ ማቃጠል ሲጀምረው ወዲያው ቆመው ፕላስተር ይለጥፉበት። ውኃ እስኪቋጥር ከጠበቁ የነገው መንገድ ይበላሻል።

የሲራራ ነጋዴ ስንቅ

የረጅም መንገድ ስንቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። መኪና ከመምጣቱ በፊት ሲራራ ነጋዴዎች የዚህን አገር ቡና፣ ኮረሪማና ማር በበቅሎ ጭነው ለሳምንታት ይጓዙ ነበር። የመንገደኛ ስንቃችን ዛሬም ከታሸገ የውጭ ምግብ አያንስም፦ በሶ እሳት ሳይነድ ይበላል፣ ጭኮ በትንሹ ያጠግባል፣ ዳቦ ቆሎ እየሄዱ ይቆረጠማል።

እዚህም ቢሆን እርጥበቱን አይርሱ። በሶ እርጥበት ከገባው ይጓጉላል፤ በደንብ ያልደረቀ ቋንጣም ይሻግታል። ስንቅዎን የየቀኑን ለይተው አየር በማያስገባ ላስቲክ ይቋጥሩ። ብዙ መሸከምም አያሻዎትም፤ በየመንደሩ ሙዝ፣ ጎደሬ፣ ቆጮና ማር ከሚያመርቱ ገበሬዎች መግዛት ይቻላል። ለዚህ የሚሆን ዝርዝር ብር ይያዙ።

ውኃ ግን ስለጠራ ብቻ ከምንጭ ወይም ከጅረት አይጠጡ። ከተቻለ ያፍሉት፤ ካልሆነ ከፋርማሲ ውኃ አጋር ገዝተው በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድመው በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ በመንገድዎ ላይ ውኃ የት የት እንደሚገኝ አስቀድመው ከጠየቁ ሸክምዎ ይቀላል።

ከሁሉ በላይ፦ ወባ

እነዚህ ቆላማና ወይና ደጋ ቦታዎች የወባ አገር ናቸው። ለቀሪው ስሕተት ይቅርታ አለ፤ ለዚህኛው ግን የለም። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ «እናድርበታለን ያልነው ቤት ይኖረዋል» ብለው አይተዉት። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው ከምሽት ጀምሮ ስለምትናደፍ ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም እጅጌና ሱሪ ይልበሱ፤ ያልተሸፈነውን ገላዎን የትንኝ መከላከያ ይቀቡ።

የመከላከያ ኪኒንም አለ፤ የሚታዘዘው ግን እንደየሰው ነው። አንዳንዱ ከጉዞው ሳምንታት አስቀድሞ ይጀመራል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ከተመለሱ በኋላም ለአራት ሳምንት ይቀጥላል፤ ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም። ስለዚህ ከመነሳትዎ አንድ ወር ቀደም ብለው ሐኪም ያማክሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይህን ጉዞ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ወባ ከተነከሱ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ቢያንስ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ቤትዎ ገብተው፣ ሥራ ጀምረው፣ ጉዞውን በረሱበት ሰሞን ትኩሳት ቢነሳብዎ «ጉንፋን ነው» ብለው አይተኙ። በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ ለሐኪሙም «ከወባ አገር ነው የተመለስኩት» ይበሉት። ይህን አብሮዎት ያልሄደው የቤት ሰውም ይወቀው።

ልጆች ካሉ

አዋቂ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም ይመረጣል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ስንቅና ውኃውን ጨምሮ 12 ኪሎ ይበቃዋል። ልጅ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ቢይዝ ይበቃል፤ ያ ማለት የራሱ ደረቅ ልብስ፣ ፊሽካና የሚወደው ብስኩት ነው። ሲርቅብዎ ወይም ሲጠፋ ባለበት ቆሞ ፊሽካውን እንዲነፋ ያስተምሩት። የየቀኑን መንገድ በልጁ እግር ይለኩ እንጂ በእርስዎ አይደለም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ በበቃ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ለአዋቂ ሁለት ቀላል ቀን ነው፤ ለልጅ ግን ሦስትም ያንሳል።

የመጨረሻው ማታ

የአካባቢውን ሁኔታ ከዞኑ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቀው፣ መንገዱን የሚያውቅ የአገሩን ሰው መሪ ይዘው ይሂዱ። የበበቃን የመሰሉ የቡና እርሻዎች ባለቤት ስላላቸው ቀድመው ፈቃድ ያግኙ። የየቀኑን ማደሪያ ጽፈው ለቤተሰብ ይተዉ፤ ስልክ በማይሠራበት ቦታ መፈለጊያዎ ያ ወረቀት ነው።

ከዚያ ቦርሳውን አንዴ ዘርግፈው እንደገና ይሙሉት። «ምናልባት ይጠቅም ይሆናል» ያሉትን ያውጡና በቦታው ምንም አያስገቡ። ሲመለሱ ለእናትዎ የደን ማርና ኮረሪማ የሚይዙት በዚያ ነው። ጋቢውም ቤት ይጠብቅዎታል፤ በተመለሱ ማታ ያምርብዎታል።