ከድንጋይ ሥር ያሉ ምስክሮች

አሰላና አካባቢዋ ያደገ ሰው ልጅ እያለ ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ያልገለበጠ አይመስለኝም። የታጠበው ልብስ እስኪደርቅ ጨዋታችን እሱ ነበር። ከድንጋዩ ሥር የሚንፏቀቁትን ጥቃቅን ፍጥረታት ስናይ ግን "ትል ነው!" ብለን እንወረውራቸዋለን። እነሱ እኮ ስለ ውሃችን ብዙ የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው። ችግሩ ምስክርነታቸው እንደ ወቅቱ ይለያያል።

ለመሆኑ እነማን ናቸው? የበራሪ ነፍሳት እጮች፣ አልቅት፣ ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣንና ሌሎች በወንዝ ወለል የሚኖሩ አከርካሪ አልባ እንስሳት ናቸው። ሁሉም እኩል ቻይ አይደሉም። ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያለውና ከሆዱ ግራና ቀኝ ላባ መሳይ መተንፈሻ የተደረደረለት እጭ በአብዛኛው ኦክስጅን የሞላው ንጹህ ውሃ ይፈልጋል። ደም የመሰለው ቀይ እጭ ግን እንደኛ ሄሞግሎቢን ስላለው ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃም ይኖራል። የመጀመሪያው ጠፍቶ ሁለተኛው ብቻ ከሞላ ውሃው ሳይታመም አልቀረም።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ። ከታር ወንዝና ገባሮቹ ከአርሲ ተራሮች ተነስተው ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ጭላሎ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ሐይቁ ያለው 1600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቁልቁለቱን አስቡት! ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ ድንጋዩን እያንከባለለ ነዋሪዎቹን ጠራርጎ ይወስዳል። ከእርሻ የሚመጣው ደለልም መደበቂያቸውን ይደፍነዋል። ከመስከረም በኋላ ውሃው ሲጠራ በየጥጉ የተረፉትና ከእንቁላል የሚፈለፈሉት ወንዙን መልሰው ይሞሉታል። በበጋ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ውሃው ስለሚያንስ የከተማ ፍሳሽና የሳሙና እጣቢ አይቀጥንም። ስሶቹ ይጠፋሉ፣ ቻዮቹ ይቀራሉ።

ወቅት የሚገዛው የኛን ወንዝ ብቻ አይደለም። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታም የወለሉ ነዋሪ ይለዋወጣል፤ እዚያ አንዱ ምክንያት የጨው መጠን ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። በሀገራችን አስቻለው ላቀውና ኦቶ ሙግ በ2015 እ.ኤ.አ. የደጋ ወንዞቻችንን ጤና በነዚህ ፍጥረታት የሚመዝን መለኪያ አሳትመዋል።

ይህ ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምናችን ነው? ነሐሴ ላይ ወንዝ ወርዶ "ሕይወት የለም፣ ተመርዟል" ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ የጎርፉን ሥራ በሰው ሊያላክክ ይችላል። ኅዳር ላይ ብዙ ነፍሳት አይቶ "ደህና ነው" የሚል ደግሞ የካቲት ላይ የሚመጣውን አላየም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአንድ ቀን ከከተማው በላይና በታች ማወዳደር፣ በሌላ ወቅትም ተመልሶ ማየት። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ እነዚህ ፍጥረታት የበሽታ ተሕዋስያንን አያሳዩም። ነፍሳቱ ቢበዙም ውሃው ሳይፈላ አይጠጣ።

ከከተማ በታች ከወንዝ የሚቀዱ እናቶች አሉ። ስለነሱ ውሃ ከመጻፋችን በፊት ድንጋዩን ደጋግመን እንገልብጥ። ቸር ይግጠመን!